የትራፊክ ካሜራና ዝቅተኛ የፍጥነት ገደብ ጎበዝ ሹፌርን ይበድላሉ? ድሬዳዋ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚመጡ ሰዎችን አሠለጥናለሁ። ክፍል ውስጥ ከሚነሣው ጥያቄ ይልቅ የሚከብደው ከነባር ሹፌሮች የሚመጣው ነው፤ ለገሃሬ ሻይ ስንጠጣ ወይም ቀን ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛ ከዚራ ጥላ ሥር። በእጅ በሚያዝ ራዳር ተይዞ የተቀጣ አለ። ውጭ አገር ያለ ወንድሙ በፖስታ ስለ መጣበት የካሜራ ቅጣት በስልክ ሲያማርር የሰማ አለ። «ነገ እኛም ጋ በየምሰሶው ይሰቀላል» ብሎ ከወዲሁ የተቆጣም አለ። የሁሉም ክርክር መድረሻው አንድ ነው፦ ይህ ነገር አጥፊውን ትቶ ጎበዙን ሹፌር ይቀጣል። ጥያቄዎቹን እንደተጠየቅኋቸው አስፍሬያለሁ፤ መልሱ የእኔ ነው። የውጭ አገር ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መኪናዬ ጤነኛ ነው፣ ዓይኔ ደኅና ነው፣ መንገዱም ባዶ ነው። በ40 ሂድ የምባለው ምን አጥፍቼ ነው?»

ምንም አላጠፉም። ገደቡም ስለ እርስዎ አይደለም። ማለዳ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ቆመው ይመልከቱ። ጭነት በራሷ የተሸከመች ሴት ግራ ቀኝ ለማየት አንገቷን እንደ ልብ ማዞር አትችልም። ፍየል የሚነዳው ልጅ ዓይኑ ፍየሎቹ ላይ ነው። ባጃጁ ተሳፋሪ ካየ የት ላይ እንደሚቆም ራሱም አያውቅም። ጎበዝ ሹፌር ይህን ሁሉ ያያል። ችግሩ ያለው ካየ በኋላ ነው።

አደጋ አይቶ እግርን ፍሬን ላይ ለማሳረፍ ፈጣን የሚባል ሰው አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በ50 የሚሄድ መኪና በዚያች ሰከንድ 14 ሜትር ይጓዛል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ፣ አስፋልቱ ደረቅ ጎማውም ደኅና ከሆነ፣ ሌላ 14 ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ድምሩ 28 ሜትር። በ30 የሚሄደው 13 ሜትር ላይ ቆሟል፤ በ40 የሚሄደው 20 ሜትር ላይ። በ60 የሚሄደው ግን 36 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። በ80 የሚሄደው ከ57 ሜትር በኋላ ነው የሚቆመው።

ለሠልጣኞቼ ሁልጊዜ የማቀርበው ጥያቄ አለ። አንድ ልጅ ኳስ ተከትሎ 28 ሜትር ፊት ለፊታችሁ መንገድ ውስጥ ገባ። በ50 የነበረው ሹፌር ልጁ እግር ሥር ቆመ። ጎን ለጎኑ በ60 ይነዳ የነበረው፣ ልጁን በዚያው ቅጽበት ያየውና ፍሬን የያዘው፣ ሲመታው ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ክፍሉ በአንድ ድምፅ «10!» ይላል፤ ልዩነቱ 10 ነዋ። መልሱ 40 ነው። ሁለተኛው ሹፌር እግሩ ፍሬን ላይ ሳያርፍ ወደ 17 ሜትር ጨርሷል፤ የቀረችው 11 ሜትር ናት። በ11 ሜትር ውስጥ ከ60 ማውረድ የሚቻለው እስከ 40 ብቻ ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ ችሎታ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት፣ የመኪናው ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ሲያድግ በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ 4 ነጥብ 5 እጥፍ ይሆናል። ድርጅቱ በከተማ ውስጥ ገደቡ ከ50 እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2020 ስቶክሆልም ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ መግለጫም እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ጣሪያው 30 ይሁን ብሏል። የኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ ይህን ከ1992 ጀምሮ ትሠራበታለች። ስፔን በ2021፣ ዌልስ ደግሞ በ2023 ተከትለዋል፤ የዌልሱ በሰዓት 20 ማይል ሲሆን ወደ 32 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚያም «ጎበዝ ሹፌር ተበደለ» የሚለው ጩኸት ከእኛው ጋር አንድ ነበር።

«ሃያ ዓመት ነድቼ ሰው አልነካሁም። ይህ ማስረጃ አይሆንም?»

መልካም ነገር ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። ከባድ አደጋ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ላይደርስበት ይችላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃውም ግዴለሹም ሃያ ዓመት ሰው ሳይነኩ ሊያሳልፉ ይችላሉ። ከዚህም በላይ፣ በእነዚያ ዓመታት እርስዎን አይቶ ወደ ኋላ የዘለለ እግረኛ፣ እርስዎን ለማሳለፍ ጠርዝ ላይ የወጣ ባለባጃጅ ስንት እንደነበር ማን ይነግርዎታል? እነርሱ ቤታቸው ገብተው ነው እርስዎን የረገሙት።

ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦላ ስቬንሰን በ1981 ባወጣው ጥናት ሰዎችን ከሌሎች ጋር አወዳድረው የራሳቸውን የመንዳት ችሎታ እንዲመዝኑ ጠይቆ ነበር። ከአሜሪካውያኑ 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ 69 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን ከመካከለኛው በላይ አስቀመጡ። ከመካከለኛው በላይ ሊሆን የሚችለው ግማሹ ሰው ብቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ ተመሳሳይ ጥናት ቢደረግ ውጤቱን እኔ ከወዲሁ እገምታለሁ፤ ፔጆ 404 ይነዱ የነበሩ አዛውንት ብቻቸውን መቶኛውን ይሞሉታል።

«ታዲያ የተተከለው ምልክት ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው?»

አይደለም። እዚህ ላይ ሹፌሮቹ እውነት አላቸው። የመንገድ ሥራ ሲጀመር የተተከለ የ20 ምልክት ሥራው አልቆ፣ አስፋልቱ ተነጥፎ፣ ቀለሙም ተቀብቶ ከወራት በኋላ እዚያው ቆሞ ይገኛል። በኒም ዛፍ ቅርንጫፍ የተሸፈነ ምልክትም አለ፤ ዛፉን የተከለው ሰው ለጥላ ብሎ ነው እንጂ ትራፊክ ፖሊስን ለመደበቅ አልነበረም። እንዲህ ባለ ቦታ ራዳር ይዞ መቆም ሰውን ማስተማር አይደለም፤ አድብቶ መያዝ ነው።

ሌላም አለ። ሰፊ፣ ቀጥ ያለና መሐል የተከፈለ መንገድ ሠርቶ ከጎኑ 40 ብሎ መጻፍ ለሹፌሩ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ መስጠት ነው። እግሩ የሚሰማው መንገዱን ነው። አሜሪካ ውስጥ መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ የሠሩበት ዘዴ አለ፦ ሰዎች ያለ ጫና ሲነዱ ይለካል፣ ከመቶው 85ቱ የማያልፉት ፍጥነት ይወሰድና ገደቡ እዚያ አካባቢ ይደረጋል። ከዚያ በታች ከወረደ ብዙኃኑን ጨዋ ሹፌር ወንጀለኛ ያደርጋል ይላሉ ደጋፊዎቹ። ለገጠር አውራ ጎዳና ሐሳቡ ያስኬዳል። ለከተማ ግን ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ድምፅ የሚሰጠው መሪ የጨበጠው ብቻ ነው። በእግሯ የምታቋርጠው ባለጭነት ሴት አልተጠየቀችም።

ቢሆንም ከዘዴው የሚወሰድ ነገር አለ። መቶ ሹፌር አልፎ ሰማንያው ገደቡን ከጣሰ፣ ሰማንያውን ከመቅጣት በፊት መንገዱን መመርመር ይቀድማል። መንገዱን ማጥበብ፣ የእግረኛ ማቋረጫውን ከፍ አድርጎ መሥራት፣ መሐል ላይ መቆሚያ ደሴት ማበጀት፣ ጉብታ መሥራት ይቻላል። ጉብታ ስል ግን ቀለም የተቀባ፣ ከሩቅ ምልክት ያለውና በልክ የተሠራ ጉብታ ማለቴ ነው። የሰፈር ሰው ልጁ ከተመታበት በኋላ በንዴት በሲሚንቶ የሚያቆመውን፣ ማታ የማይታየውን አይደለም። ንዴቱ ይገባኛል፤ ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ግን እዚያ ላይ አንገቱን ይሰብራል።

«ዝግ ብሎ መንዳትም አደጋ ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?»

ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሳያውቁት የሚጠቅሱት ዴቪድ ሰለሞን የተባለ አሜሪካዊ በ1964 ያወጣውን ጥናት ነው። በገጠር አውራ ጎዳና ላይ ከአማካዩ በጣም የፈጠነም በጣም የዘገየም ለአደጋ ይበልጥ ይጋለጣል ብሎ ነበር። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች «ዘገየ» የተባለው መኪና ብዙ ጊዜ ለመታጠፍ ወይም ለመቆም ሲቀንስ የተመታ መሆኑን አንሥተው ተችተውታል። የፍጥነት ልዩነት አደገኛ ነው፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ልዩነቱን ለማጥበብ ዘገምተኛው ይፍጠን ወይስ ፈጣኑ ይቀንስ? ግመልና ባለጋሪ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መልሱ የሚያከራክር አይመስለኝም።

«ደንገጎ ላይስ? እዚያ መንገዱን በጨለማም የምናውቀው ሰዎች ነን።»

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ አናት ላይ ሲወጡ 2,000 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ሐረማያ፣ ዓወዳይ፣ ሐረር። ስለዚህ ከሐረር ወደ ድሬ የሚመለስ መኪና ያን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት፣ ጠመዝማዛ ላይ ይወርደዋል። ሹፌሩ በሞተር ካልያዘው ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ፍሬን ደግሞ ሲግል ይደክማል። ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ይላል፣ የሚቃጠል ሽታ ይመጣል፤ ሽታው ሲመጣ መቆምና ማቀዝቀዝ እንጂ «እስከ ታች ያደርሰኛል» ማለት አይገባም። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በነጻ ማርሽ መልቀቅማ ለነፍስ ዋጋ ማውጣት ነው፤ ይህን ስጽፍ ስማቸው ትዝ የሚለኝ ሰዎች አሉ።

ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በእጥፍ እጥፉ ነው። በ40 የተያዘ ኩርባ በ60 ሲያዝ ግፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፦ 2 ነጥብ 25። ላዩ ላይ ጭነት የቆለለ አይሱዙ ከሆነ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ስለሚል ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት መኪናው ይገለበጣል።

መንገዱን ማወቅ ይረዳል፤ አልክድም። ግን የሚያውቁት መንገዱን ነው እንጂ ከኩርባው ጀርባ ያለውን አይደለም። ዛሬ እዚያ የተበላሸ ሲኖትራክ ድንጋይ ተደግፎ ቆሞ ይሆናል፤ ጉም ወርዶ ይሆናል። ማታ ደግሞ የመኪና አጭር መብራት የሚያሳየው ከ40 እስከ 50 ሜትር ያህል ነው። በ80 ለመቆም ከ57 ሜትር በላይ እንደሚያስፈልግ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ሌላው የሚረሳ ነገር፦ በእኛ አገር የፍጥነት ወሰኑ በመንገዱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በተሽከርካሪው ዓይነትም ይለያያል፤ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ይህን ደንግጓል። ለአውቶሞቢል የተፈቀደው ለከባድ መኪና አይፈቀድም። «እርሱ አልፎኝ ሄዶ እኔ ተያዝኩ» የሚል አቤቱታ ከከባድ መኪና ሹፌር ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ያለፈው ምን ዓይነት መኪና እንደነበር ነው።

«የጫት መኪናዎችን ማን ይይዛቸዋል? እነርሱ እየበረሩ እኛ እንቀጣለን።»

ከሁሉም ቅሬታ ይህኛው ነው የሚከብደኝ፤ ፍትሕ የጎደለው እውነትም እዚህ ላይ ስለሆነ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ያጣል። ከዓወዳይ ተጭኖ ወደ ጅግጅጋና ከዚያም ወዲያ፣ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ቅጠል እያንዳንዱ የዘገየበት ሰዓት ዋጋው ይቀንሳል። ሹፌሩ የሚከፈለው ስለ ነዳ ሳይሆን በሰዓቱ ስለ ደረሰ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ቀስ በል» ብሎ መምከር፣ ደመወዝህን ትተህ ና እንደ ማለት ነው።

አሁን ካሜራ ተተከለ እንበል። ካሜራ የሚያነሣው ታርጋ ነው እንጂ ፊት አይደለም፤ በብዙ አገርም ቅጣቱ የሚላከው መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ነው። ባለንብረቱ ቅጣቱን እንደ ነዳጅ ወጪ ቆጥሮ ከፍሎ ይቀጥላል፤ ወይም ከሹፌሩ ደመወዝ ይቆርጣል። በመጀመሪያው መንገድ ካሜራው ማንንም አልቀጣም። በሁለተኛው ደግሞ አጣድፎ የላከው ሰው ነጻ ወጥቶ የተላከው ይከፍላል። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ለንግድ መኪና ቅጣቱ ደጋግሞ ሲመጣ ገንዘብ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከባለንብረቱ የሥራ ፈቃድ ጋር መያያዝ አለበት። የመድረሻ ሰዓት የሚቆርጠው እርሱ ነውና።

እንዲህ ላለው መንገድ አንድ ቦታ የሚያነሣ ካሜራም አይበቃም። ሹፌሩ ካሜራው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል፣ ሲያልፍ የቀነሰውን ያካክሳል። ጣሊያን ከ2005 ጀምሮ በአውራ ጎዳናዎቿ የምትጠቀምበት ዓይነት ይሻላል፦ መግቢያው ላይ ታርጋውን ያነሣል፣ መውጫው ላይ ደግሞ ያነሣል፣ ርቀቱን ለወሰደው ጊዜ አካፍሎ አማካዩን ያወጣል። ደንገጎ አናት ላይ አንድ፣ ግርጌው ላይ አንድ ቢተከል ማን እንደበረረ ክርክር አይኖርም። ካሜራው ፊት ብቻ ጨዋ መሆንም አያዋጣም።

«ካሜራ ሕይወት ያድናል የሚሉት እውነት ነው፣ ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ?»

ሁለቱንም ሆኖ ያውቃል።

በማዳኑ ልጀምር። ኮክሬን የተባለው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም በ2010 ያወጣው ግምገማ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 35 ጥናቶችን ሰብስቦ ነበር። ካሜራ ባለበት አካባቢ ለሞትና ለከባድ ጉዳት የሚዳርጉ አደጋዎች ከ11 እስከ 44 በመቶ መቀነሳቸውን አገኘ። የጥናቶቹ ጥራት እኩል እንዳልሆነም ሳይሸሽግ ጽፏል። በ2017 የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመራማሪ በብሪታንያ ካሜራዎች ላይ ባደረገው ጥናት ደግሞ በካሜራው 500 ሜትር ዙሪያ አደጋ በግልጽ ቀንሷል፤ ከ1 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን መልሶ የመጨመር ምልክት አሳይቷል። ያው ቀንሶ የማካካስ ነገር ነው።

ተቺዎቹ የሚያነሡት አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ። ካሜራ የሚተከለው ባለፈው ዓመት ብዙ አደጋ በደረሰበት ቦታ ነው። የዚያ ዓመት ብዛት በከፊል የአጋጣሚ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ካሜራ ባይኖርም ቁጥሩ ይወርድ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት በ2005 ያወጣው የአራት ዓመት ግምገማ ራሱ፣ ከታየው ቅናሽ ብዙው በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ያም ተቀንሶ ግን የተረፈ ቅናሽ ነበር። እንግዲህ ከሁለቱም ወገን «መቶ በመቶ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ጆሮዎን አይስጡት።

አሁን ገንዘቡ። ቺካጎ ውስጥ የቀይ መብራት ካሜራ አስተዳዳሪ የነበረ የከተማዋ ባለሥልጣን ከአቅራቢው ኩባንያ ጉቦ በመቀበሉ በ2016 10 ዓመት ተፈርዶበታል። በዚያችው ከተማ በ2014 ቢጫ መብራቱ ከ3 ሰከንድ በጥቂቱ ያነሰበት ጊዜ እንኳ እንዲያስቀጣ ተደርጎ 77,000 ያህል ተጨማሪ የቅጣት ወረቀት መውጣቱ ታወቀ። ከ3 ሰከንድ ላይ የጎደለችው ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ አትበልጥም። ጎበዝ ሹፌር ተበደለ ከተባለ ያኔ ነው። የአሜሪካ ፌደራል አውራ ጎዳና አስተዳደር በ2005 ያወጣው ጥናትም የቀይ መብራት ካሜራ በመስቀለኛ መንገድ ከጎን የሚደርስ ግጭትን በ25 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ ከኋላ መገጨትን በ15 በመቶ ገደማ እንደጨመረ ያሳያል፤ ሰው ካሜራውን ፈርቶ ድንገት ስለሚቆም። የጎን ግጭት ይበልጥ ገዳይ ስለሆነ ሒሳቡ ወደ ጥቅሙ ያደላል።

ፈረንሳይ በሐምሌ 2018 በሁለት አቅጣጫ በሚያስኬዱ የገጠር መንገዶች ገደቡን ከ90 ወደ 80 ስታወርድ የገጠሩ ሰው «ፓሪስ ተቀምጠው የእኛን መንገድ ይገድባሉ» ብሎ ተቆጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተነሣው የቢጫ ሰደርያ ተቃውሞ አብዛኞቹ የፍጥነት ካሜራዎች ተሰብረዋል፣ ተቃጥለዋል ወይም ቀለም ተቀብተዋል። ካሜራው ያድናል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ ድረስ አልተሰማም፤ ሰው ገንዘቡ የት እንደሚገባ ካላመነ ለጥናት ጆሮ የለውም። ለእኛም የምመኘው ይኸው ነው፦ ካሜራ ከመሰቀሉ በፊት የቅጣቱ ገንዘብ ለምን እንደሚውል፣ ኩባንያውም በቅጣት ወረቀት ብዛት እንደማይከፈለው በአደባባይ ይጻፍ።

«ካሜራው ራሱ ቢሳሳትስ?»

ይሳሳታል። አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ በ2012 አንድ መኪና ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ በሰዓት 38 ማይል፣ ማለትም ወደ 61 ኪሎ ሜትር ነድቷል ተብሎ ተቀጣ። ማስረጃ ተብሎ የተላከው ምስል ላይ የፍሬኑ መብራት በርቶ መኪናው ንቅንቅ ሳይል ይታይ ነበር። ከተማዋ በ2013 ካሜራዎቹን አጥፍታ ለዓመታት ሳትጠቀምባቸው ቆየች።

ስሕተቱ የታወቀው ምስሉ ለባለመኪናው ስለ ተላከ ነው። ሁለት ፎቶ በታወቀ የጊዜ ልዩነት ከተነሣ ማንም ሰው ሊያመሳክር ይችላል፤ በ60 የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል፣ ሁለት አነስተኛ መኪና ፊትና ኋላ ተደርድረው እንደሚይዙት ቦታ። ፎቶው ላይ ያን ያህል ካልተንቀሳቀሰ መሣሪያው ዋሽቷል። ያለ ፎቶ፣ ያለ ሰዓት፣ መሣሪያው መቼ እንደተመረመረ ሳይገለጽ «ተይዘሃል» ብቻ ማለት ግን በካሜራም ሆነ በእጅ ራዳር ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

«ለመሆኑ ይህን ነገር ማን ፈጠረው?»

የመኪና ተወዳዳሪ! ሆላንዳዊው ሞሪስ ጋትሶኒደስ በ1953 የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈ ሹፌር ነው። መለኪያውን የሠራው ኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር። ፖሊሶች ወደዱለት።

«ካሜራ ይሻላል ወይስ ትራፊክ ፖሊስ?»

ካሜራ የአጎት ልጅ የለውም፤ ስልክ ተደውሎለትም አይለቅም። መኪናው የማን እንደሆነ አይቶ ሰላምታ አይሰጥም። ለዚህ ብዬ እመርጠዋለሁ፤ ጎበዝ ነኝ የሚል ሹፌርም ሊመርጠው ይገባ ነበር፤ በእኩል ዓይን የሚያየው እርሱ ነውና። በሌላ በኩል ካሜራ ከኋላ ወንበር ላይ ምጥ የያዛት ሴት እንዳለች አያውቅም፤ ሰክሮ የሚነዳውን፣ መንጃ ፈቃድ የሌለውን፣ ጎማው የተላጠውንም አያስቆምም። ቅጣቱም ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ሰውዬው ያን ዕለት በዚያው ፍጥነት መንገዱን ይጨርሳል። ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለምጡ ጉዳይ ይግባኝ የሚሰማ ሰው እስካለ ድረስ ለፍጥነቱ ካሜራው ይበቃል።

«ለባለባጃጁም ለባለ ቪ8ቱም እኩል ቅጣት ፍትሕ ነው?»

አይመስለኝም። አንዱ የቀኑን ገቢ ያጣል፣ ሌላው ለምሳ ጉርሻ የሚተወውን። ፊንላንድ ለከባድ የፍጥነት ጥፋት ቅጣቱን በገቢ ትለካለች፤ በ2002 አንድ የኖኪያ ሥራ አስፈጻሚ በ50 መንገድ ላይ በ75 ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ተይዞ 116,000 ዩሮ ተቀጥቷል፤ ኋላ በይግባኝ ቢቀነስለትም። የገቢ መዝገብ ባልተሟላበት አገር ይህን መገልበጥ ይቸግራል። የመንጃ ፈቃድ ነጥብ መቀነስ ግን ለሀብታምም ለድሃም ያው ነው።

«ከፊት ራዳር አለ ብዬ ለሚመጣው መኪና መብራት ብልጭ ባደርግለት ምን ክፋት አለው?»

ብልጭ ያደረጉለት ሰው ሰክሮ ወይም የሰረቀውን መኪና ይዞ ይሆናል። ይህን አይተው ለይተው ብልጭ የሚያደርጉ ከሆነ ችሎታዎን አደንቃለሁ።

«ሐረር ጁገል ውስጥ ለምን ገደብ አይጻፍም?»

ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ባለው መንገድ ቢጻፍ አልጠላም። ቅያሱ ውስጥ ግን ግድግዳው ራሱ ጽፎታል፤ አህያ ከነጭነቷ ስታልፍ ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው የሚያሳልፋት።

«ስንት ጊዜ ነው የምከስረው?»

በከተማ ውስጥ 5 ኪሎ ሜትር ያለ መቆም በ60 ከሄዱ 5 ደቂቃ፣ በ40 ከሄዱ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ያውም መስቀለኛ መንገድና ባጃጅ በሌለበት ዓለም። ድሬዳዋ ላይ ግን ዴፖ አካባቢ ያለፈዎት መኪና ቀጣዩ መብራት ላይ ፊትዎ ቆሞ ይጠብቅዎታል።

«ገደቡ ስሕተት ነው ብዬ ካመንኩ ምን ላድርግ?»

እየነዱ በመጣስ መቃወም ውጤት የለውም፤ መሥሪያ ቤቱ አያየውም። አቤቱታውን በጽሑፍ፣ ብቻዎን ሳይሆን በማኅበራችሁ በኩል፣ የከተማውን የመንገድና የትራንስፖርት ጉዳይ ለሚመለከተው ቢሮ ያስገቡ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር መቀበል አይርሱ። ደብዳቤው «ገደቡ ዝቅተኛ ነው» ብቻ ካለ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ቦታውን በታወቀ ሕንፃ ወይም ድልድይ ይግለጹ፤ እግረኛ የሚያቋርጥበት መሆን አለመሆኑን፣ ትምህርት ቤት ወይም ገበያ መኖር አለመኖሩን፣ የመንገድ ሥራ ተብሎ የተተከለ ከሆነም ሥራው መቼ እንዳለቀ ይጻፉ። ምልክቱ ተሸፍኗል የሚሉ ከሆነ ከምልክቱ ሥር ቆመው ሳይሆን፣ መኪናውን ጥግ አስይዘው አቁመው፣ ከሹፌሩ ወንበር ላይ ሆነው ፎቶ ያንሡት። ከሥሩ ቆመው ካነሡት ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያልና አቤቱታዎ እዚያው ይወድቃል።